ዐዋጁና ተቈጣጣሪው፤ በላንካሺር የጥጥ ፋብሪካዎች የመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ሕጎች አፈጻጸም

ስለ ሕግ የሚጻፍ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ሕጉ በወጣበት ቀን ላይ ነው። ምክር ቤቱ ተከራከረ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ንጉሡ አጸደቁት ይባልና ምዕራፉ ይዘጋል። ዐዋጁ ከዋናው ከተማ ወጥቶ ጥጥ ከሚፈተልበት ቤት በር ላይ ሲደርስ ማን እንደ ተቀበለው፣ ማን እንደ መለሰው፣ ማንስ በጓሮ በር አዙሮ እንዳስወጣው የሚነግረን ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ያንኑ የቀረውን ክፍል መከተል ነው። ለምርመራ የመረጥነውም እንግሊዝ አገር፣ ይልቁንም የጥጥ ሥራ የበዛበትን የላንካሺርን ግዛትና አካባቢውን ነው። ዘመኑ ከ1802 እስከ 1853 ሲሆን፣ በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛም ፈጽሞ ሩቅ አይደለም። በሀገራችን ስለ ፋብሪካዎች የሚናገረው ቁጥር 58 ዐዋጅ የወጣው በ1944 ነው፤ የአሠሪና የሠራተኛን ግንኙነት የሚወስነው ቁጥር 210 ዐዋጅም በ1963 ተከተለ። የፋብሪካን ሥራ በሕግ መወሰን፣ ሕጉም መፈጸሙን መንግሥት ሰው ልኮ ማስመርመር የሚለው አሳብ ግን መልክ የያዘው ከዚህ በታች በምንተርከው ክርክር ውስጥ ነው።

ጥጥ መፍተል በየቤቱ የሴቶች ሥራ በነበረበት ዘመን የሥራውን ሰዓት የሚወስነው የቀኑ ብርሃንና የቤቱ ጣጣ ነበር። እናቱ ባዘቶውን ይዛ በእንዝርት ስትፈትል እያየ ላደገ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ልጅ ሲያለቅስ እንዝርቱ ይቀመጣል፣ እንግዳ ሲመጣም እንዲሁ። ሪቻርድ አርክራይት በ1771 በደርቢሺር፣ ክሮምፎርድ በተባለ ስፍራ ላይ ያቋቋመው መፍተያ ግን በውሃ ኃይል የሚዞር ስለ ነበረ ውሃው እስካልቆመ ድረስ እንዝርቶቹ አይቆሙም። አንድ መዘውር ስንት መቶ እንዝርት በአንድነት ሲያዞር የፈታዩ ጥበብ ወደ መኪናው ተሻገረና ለሰው የቀረው የተበጠሰውን መቀጠል፣ የወደቀውን መልቀም፣ የሞላውን ማንሣት ሆነ። ይህንም ቀጭን ጣትና አጭር ቁመት ያለው ሕፃን በርካሽ ይሠራዋል።

የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች በወንዝ ዳር፣ ሰው በማይበዛበት ሸለቆ ስለ ተሠሩ ሠራተኛ ማግኘት ችግር ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ያሉ አጥቢያዎች የሙት ልጆችንና የድኾችን ልጆች የመቀለብ ግዴታ ነበረባቸው። ሁለቱ ችግረኞች ተገናኙና አጥቢያዎቹ ሕፃናቱን «ሙያ ተማሪ» በሚል ውል ለፋብሪካ ባለቤቶች ማስረከብ ጀመሩ። ውሉ ልጁ አካለ መጠን እስኪያደርስ የሚቈይ ነው። ደመወዝ የለውም፤ የሚያገኘው ምግብ፣ ልብስና መኝታ ብቻ ነው። በኋላ የእንፋሎት ኃይል ሲስፋፋ ፋብሪካው ከወንዙ ተላቅቆ ወደ ማንቸስተር፣ ወደ ቦልተን፣ ወደ ፕሬስተንና ወደ ስቶክፖርት ገባ። እዚያ ልጆቹ የአጥቢያ ሳይሆኑ የሠራተኞቹ የራሳቸው ልጆች ሆኑ። የሥራው ቀን ግን በአመዛኙ ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አራት ሰዓት ነበር፤ ገበያ በደራ ጊዜ ከዚያም ያልፋል።

የሥራውን ዓይነት ጥቂት ዘርዝረን ብናየው ኋላ ስለ ሕጉ ለምንናገረው ይረዳናል። ሚውል በሚባለው የመፍተያ መኪና ላይ ዋናው ፈታይ ጐልማሳ ወንድ ነው። ከእርሱ በታች ፈትል ቀጣዮች አሉ፤ እነዚህ ከሚመላለሰው መኪና ጋራ ቀኑን ሙሉ እየተራመዱ የተበጠሰውን ፈትል በጣታቸው ይቀጥላሉ። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ ደግሞ መኪናው እየሠራ ሳለ ከሥሩ ተንፏቆ እየገባ ብናኙን ያወጣል። ቀጭን ፈትል እንዳይበጠስ ክፍሉ እንዲሞቅና እንዲረጥብ ይደረጋል፤ መስኮትም አይከፈትም። አሁን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ቀጣዮቹን የሚቀጥራቸውም ሆነ የሚከፍላቸው ብዙውን ጊዜ የፋብሪካው ባለቤት ሳይሆን ፈታዩ ራሱ ነው። ከእነዚህም አንዱ የገዛ ልጁ፣ ሌላው የወንድሙ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑ ከተወሰነው ሰዓት በላይ ሠራ ሲባል በደለኛው ማን እንደ ሆነ መለየት እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም።

በ1784 በማንቸስተር አጠገብ፣ በራድክሊፍ ባለ ፋብሪካ ተላላፊ ትኩሳት ስለ ተነሣ የከተማው ሐኪሞች ነገሩን መርምረው የሕፃናትን የሌሊት ሥራ ነቀፉ። ከዚያ ዐሥራ ስምንት ዓመት ዘግይቶ በ1802 የመጀመሪያው ሕግ ወጣ። ሕጉን ያቀረቡት ሰር ሮበርት ፒል ራሳቸው ብዙ ሙያ ተማሪ ሕፃናትን የሚያሠሩ የፋብሪካ ባለጸጋ ነበሩ። ሕጉ የሙያ ተማሪዎች ሥራ በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የሌሊት ሥራ ቀስ በቀስ እንዲቀር፣ ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ፣ በዓመት አንድ አዲስ ልብስ እንዲሰጣቸው፣ ግድግዳውም በዓመት ሁለት ጊዜ በኖራ እንዲለቀለቅ ያዝዛል። በወረቀት ላይ ያማረ ሕግ ነው። አስፈጻሚዎቹ ግን የአካባቢው ዳኞች በየዓመቱ የሚመርጧቸው ሁለት ጐብኚዎች ነበሩ፤ አንደኛው ዳኛ፣ ሁለተኛው ካህን። ደመወዝ የላቸውም። እነርሱም በእሑድ ቅዳሴ፣ በአደን፣ በማዕድም ከባለ ፋብሪካው ጋራ የሚገናኙ የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው። በብዙ ግዛቶች ጐብኚ መሾሙ ራሱ ብዙም ሳይቈይ ተረሳ።

በዚያ ዘመን ከነበሩት ሕፃናት አንዱ የነበረው ሮበርት ብሊንኮ ታሪኩን በ1828 አሳትሞ ትቶልናል። ከለንደን ከቅዱስ ፓንክራስ አጥቢያ በሰባት ዓመቱ ግድም በ1799 ተልኮ ቀድሞ በኖቲንግሃም አጠገብ፣ በኋላም በደርቢሺር፣ ሊተን በተባለው ፋብሪካ አገልግሏል። ብሊንኮ ስለ ድብደባውና ስለ ረኃቡ ለዳኞች አቤት ለማለት ሄዶ እንደ ነበረ፣ ወደዚያው ፋብሪካ ተመልሶም ስለ አቤቱታው እንደ ተመታ ይተርካል። መጽሐፉን የጻፈለት ሌላ ሰው ስለ ሆነ አንዳንዱ ቃል ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የ1802 ሕግ በሥራ ላይ እያለ፣ ሕጉ ያለበት ሕፃን ሕጉን እንዴት እንዳገኘው የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

የ1819 ሕግ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጥጥ ፋብሪካ እንዳይቀጠር፣ ከዐሥራ ስድስት በታች ያለውም ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ይህንም ሕግ ከአራት ዓመት ክርክር በኋላ ያስወጡት እኒያው ፒል ናቸው። ተቈጣጣሪ ግን አሁንም አልተሾመበትም። ጥፋቱን የሚያመለክት ሰው መገኘት ነበረበት፤ ያም ሰው ሠራተኛ ከሆነ በማግሥቱ ሥራ እንደማይኖረው ያውቃል። በ1831 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት የሆነ ዳኛ፣ ወይም የባለቤቱ አባት፣ ልጅ ወይም ወንድም የሆነ፣ በዚህ ሕግ በሚነሣ ክስ ላይ በዳኝነት እንዳይቀመጥ ከለከለ። እንዲህ ያለ አንቀጽ መጻፉ እስከዚያ ድረስ በችሎቱ ላይ ማን ተቀምጦ እንደ ነበረ ይነግረናል።

በጥቅምት 1830 ሪቻርድ ኦስትለር የተባለ ሰው በሊድስ ከተማ ጋዜጣ ላይ የዮርክሺርን ሕፃናት ከባሪያ ጋራ ያመሳሰለ ደብዳቤ ካሳተመ በኋላ ነገሩ የሕዝብ ጉዳይ ሆነ። የዐሥር ሰዓት ሥራ ይበቃናል የሚለው ንቅናቄም ከዚያ ተነሣ። በ1832 ማይክል ሳድለር የመሩት የምክር ቤት ኮሚቴ የሠራተኞችን ምስክርነት ሰማ። የፋብሪካ ባለቤቶች ግን የእኛ ቃል አልተሰማም ስላሉ በ1833 የንጉሥ መርማሪ ኮሚሲዮን ተሾመ። ብዙዎች ኮሚሲዮኑን የባለ ጸጎች ጋሻ ነው ብለው ጠረጠሩት። ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው፤ በሠራተኞቹ ወዳጆች እቅድ ውስጥ ያልነበረውን፣ ከመንግሥት ደመወዝ የሚያገኝና ከአካባቢው ሰው ያልሆነ ተቈጣጣሪ ይሾም የሚለውን አሳብ ያመጣው ይኸው የተጠረጠረው ኮሚሲዮን ሆነ። ከትልልቆቹ ባለ ፋብሪካዎችም አንዳንዶቹ ቍጥጥሩን ደግፈዋል፤ እነርሱ ሕግ ጠብቀው ሲሠሩ ትንንሾቹ ሌሊቱን በሕፃናት እያሠሩ ገበያውን እንዲቀሟቸው አልፈለጉምና።

የ1833 ሕግ በጥጥ ብቻ ሳይወሰን በሱፍ፣ በተልባ እግርና በሌሎችም የፈትል ፋብሪካዎች ላይ የጸና ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በታች መቅጠር ተከለከለ፤ ሐር ግን ከዚህ ነጻ ወጣ፣ ምክንያቱም ሲጠየቅ የሐሩ ቅጥነት የሕፃን ጣት ይፈልጋል ተባለ። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሦስት ያሉት በሳምንት 48 ሰዓት፣ ከዐሥራ ሦስት እስከ ዐሥራ ስምንት ያሉት 69 ሰዓት እንዲሠሩ ተወሰነ። ትንንሾቹ በቀን ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት መዋል አለባቸው። መቀጮው ከአንድ እስከ ሃያ ፓውንድ ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኛነት ያልተደረገ ከሆነ ዳኛው ሊቀንሰው ወይም ሊተወው ይችላል። ወደ 3,000 ለሚሆኑ ፋብሪካዎች አራት ተቈጣጣሪዎች ተሾሙ። ተጠሪነታቸው ለአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሲሆን በየስድስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባሉ። በመጀመሪያ ጊዜ ከሳሽም ዳኛም የመሆን ሥልጣን ነበራቸው። ከእነርሱ በታች የተሾሙት ረዳቶች ግን ባለቤቱ ካልወደደ በቀር ወደ መሥሪያው ክፍል የመግባት ሙሉ ሥልጣን አልነበራቸውም። መኪናው ያለበትን ክፍል ሳያይ ፋብሪካን የሚቈጣጠር ሰው ምን ሊያይ እንደሚችል አንባቢው ይገምተው።

ከአራቱ ዋነኛው ሌኦናርድ ሆርነር ነው። በ1785 በኤድንብራ የተወለደ፣ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው አስተዳዳሪ የነበረ፣ የመሬት አፈጣጠር ጥናት ሊቅ ነው። ከ1836 ጀምሮ የላንካሺር ግዛት የእርሱ ሆነ፤ እስከ 1859ም በሥራው ቈየ። ሳይንሱንም አልተወም። በ1850ዎቹ ዓመታት በካይሮ አጠገብ ጕድጓድ እያስቈፈረ የዓባይ ወንዝ ያመጣውን ደለል ውፍረት አስለክቶ ዘመኑን ለመገመት ሞክሯል። የዚያ ደለል ትልቁ ክፍል ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ አፈር ስለ ሆነ፣ ይህ የማንቸስተር ተቈጣጣሪ ሳያውቀው የእኛንም መሬት መርምሯል ማለት ይቻላል። ከመንገዳችን ሳንርቅ ግን ወደ ፋብሪካው እንመለስ።

ሆርነርና ባልደረቦቹ ከሁሉ አስቀድሞ ያጋጠማቸው እንቅፋት ዕድሜ ነው። ሕጉ በሙሉ የተገነባው ዘጠኝ፣ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ ስምንት በሚሉት ቍጥሮች ላይ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር የልደት መዝገብ በመንግሥት መያዝ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። በዚያ ቀን የተወለደ ሕፃን ዘጠኝ ዓመት የሚሞላው በ1846 መሆኑ ነው። የጥምቀት መዝገብ ነበረ፤ ነገር ግን ሕፃን ሁሉ በመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አይጠመቅም፣ የሚጠመቀውም በተወለደ በስንት ጊዜው እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ሕጉ ሐኪም ልጁን አይቶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጕልበትና መልክ አለው ብሎ እንዲመሰክር አደረገ። በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን ቀዳዳ ተመልከቱ። ሐኪሙ ዕድሜውን አልመሰከረም፤ የመሰከረው መልኩን ነው። ወፍራም የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ቃል ዘጠኝ ይሆናል።

ወረቀቱን ማንኛውም ሐኪም ሊሰጥ ስለሚችል፣ ዋጋውም ከባለ ፋብሪካው ወይም ከወላጁ ስለሚመጣ፣ አንደኛው ሐኪም ቢከለክል ሌላው ይፈቅዳል። ታላቁ ልጅ ቀርቦ ወረቀት ይቀበልና ታናሹ ይሠራበታል። ሆርነር በበኩሉ የቁመት ልክ አውጥቶ ከዚያ ያነሰውን ሐኪሞች እንዳይቀበሉ አዘዘ። በ1837 ደግሞ ኤድዊን ሳውንደርስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከቁመት ይልቅ ጥርስ አይዋሽም በማለት ብዙ ሕፃናትን መርምሮ ውጤቱን ለምክር ቤቱ አቀረበ። የከብትን ዕድሜ በጥርሱ ማወቅ ለገበሬ የቈየ ጥበብ ነው፤ በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ ላይ በኢንዱስትሪ ቀዳሚ የነበረው መንግሥት ለሰው ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አጥቶ ነበር። በእኛ አገር የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ የደነገገው በልዩ ትእዛዝ ቀኑ እስኪገለጽ ድረስ እንዲቈይ ተደርጎ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ በ2012 ወጥቶ ሥራው በ2016 መጀመሩን የሚያስታውስ ሰው በእንግሊዞቹ ላይ ለመሳቅ አይቸኵልም።

ለወላጆቹም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ልጃቸውን አሳድገው የሚያስመዘግቡት ጭካኔ ስላለባቸው ነው የሚል አነጋገር በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። ግን የልጁ ሳምንታዊ ሳንቲም ከቤት ኪራዩ የሚገባ ነው። ከዐሥራ ሦስት በታች ያለው ልጅ ስምንት ሰዓት ብቻ ይሥራ ሲባል ፈታዩ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሌላ ረዳት መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ ብዙ ባለ ፋብሪካዎችም ትንንሾቹን በፈረቃ ከማሠራት ይልቅ ጨርሰው ማሰናበትን መረጡ። የተሰናበተው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አልሄደም፤ የሄደው ሕጉ ወዳልደረሰበት ሥራ ነው። ወላጅ በልጁ ዕድሜ ላይ ሲዋሽ በሕጉና በእንጀራው መካከል ቆሞ ነበር። ሕጉ ሰዓቱን ሲቀንስ የቀረውን ገንዘብ ማን እንደሚተካው የሚል አንቀጽ አልነበረውም፤ በእኛ አስተያየት ከተቈጣጣሪው ማነስ ቀጥሎ ትልቁ ጕድለት ይኸው ነው።

ትምህርት ቤቱም ሌላ ታሪክ ነው። ሕጉ ባለቤቱ ልጁ መማሩን የሚገልጽ ወረቀት እንዲይዝ ያዝዛል እንጂ ትምህርት ቤት የት እንደሚሠራ፣ መምህሩስ ማን እንደሚሆን አይናገርም። ተቈጣጣሪዎቹ ሲጐበኙ በከሰል ማከማቻ ውስጥ የሚማሩ፣ በእሳት አንዳጁ የሚማሩ ሕፃናት አገኙ። ከመምህራን የተሰጡት ወረቀቶች ደግሞ አንዳንዶቹ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት ነበረባቸው፤ መምህሩ ስሙን መጻፍ አያውቅም ነበርና። ከ1844 በኋላ መምህሩ በገዛ እጁ እንዲፈርም ታዘዘ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችለውንም ተቈጣጣሪው የመሻር ሥልጣን አገኘ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይህን ጸሐፊ ያስደነቀው የሰዓቱ ነገር ነው። ዕድሜ ቢታወቅ፣ ወረቀት ቢሟላ፣ ሕጉ የሚለካው በሰዓት ነው፤ ሰዓቱም የባለቤቱ ነው። በ1832ቱ ኮሚቴ ፊት የቀረቡ ምስክሮች የፋብሪካው ሰዓት በጧት ወደ ፊት፣ በማታ ወደ ኋላ ይገፋ እንደ ነበረ ተናግረዋል። ከዚህ የረቀቀው ደግሞ የደቂቃ ስርቆት ነው። መኪናው ከመነሻው ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀድሞ ይነሣል፣ ምሳ ላይ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ይቆማል። በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ብንወስድ፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በዓመት ኃምሳ ሳምንት፣ 1,500 ደቂቃ ወይም 25 ሰዓት ይሆናል። ሦስት መቶ ሠራተኛ ባለበት ቤት ይህ 7,500 ሰዓት ያለ ዋጋ የተሠራ ሥራ ነው። በአንድ ቀን የተገኘች አምስት ደቂቃ ግን በችሎት ፊት የምታሳፍር ትንሽ ነገር ናት፤ ለአምስት ደቂቃ ብሎ የተከበረ ሰው የሚከስ ተቈጣጣሪ ነገረኛ ይባላል። የ1844 ሕግ ስለዚህ የሥራው ሰዓት ተቈጣጣሪው በተስማማበት የአደባባይ ሰዓት፣ ለምሳሌ በባቡር ጣቢያ ሰዓት እንዲቈጠር፣ መግቢያና መውጫውም በግድግዳ ላይ ተጽፎ እንዲለጠፍ አዘዘ። ሠራተኛው የራሱን መብት በግድግዳ ላይ ማየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የ1844 ሕግ ብዙ ነገር አሻሽሏል። ሴቶች ሁሉ በሕጉ ጥበቃ ሥር ገቡ፤ ሐኪሞቹን ተቈጣጣሪው እንዲሾማቸው ሆነ፤ የመዘውሩ ዘንግና ቀበቶው እንዲከለል፣ አደጋም ሲደርስ እንዲገለጽ ታዘዘ። የሕፃናት ሥራ ወደ ግማሽ ቀን ወረደ፤ በምትኩ የመቀጠሪያው ዕድሜ ከዘጠኝ ወደ ስምንት ዝቅ ተደረገ። ከዚህ ጋራ ግን ተቈጣጣሪው በዳኝነት የመቀመጥ ሥልጣኑ ተነሣ። ከሳሽና ዳኛ አንድ ሰው መሆን ስለማይገባው ለውጡ በሕግ ዓይን ትክክል ነው። ውጤቱ ግን ተቈጣጣሪው እንደ ማንኛውም ከሳሽ እነዚያው ደመወዝ የሌላቸው የአጥቢያ ዳኞች ፊት እንዲቆም መሆኑን የተረዳው ሰው ጥቂት ነበር።

ያም በ1848 ታየ። ጆን ፊልደን በምክር ቤት ያቀረቡት የዐሥር ሰዓት ሕግ በ1847 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1848 ጀምሮ የሴቶችና የወጣቶች ሥራ በቀን ዐሥር ሰዓት ሆነ። ስለ ጐልማሳ ወንዶች ሕጉ አንዳች አልተናገረም፤ የሁሉም ተስፋ ግን ሴቶቹና ወጣቶቹ ሲወጡ መኪናው መቆሙ አይቀርም የሚል ነበር። ነገር ግን ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ያለው ዐሥራ አምስት ሰዓት በሕግ ለሥራ የተፈቀደ ጊዜ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ባለ ፋብሪካዎች ይህን ተጠቅመው ሠራተኞቹን በተራ ከፋፈሏቸው፤ አንዲት ወጣት ሁለት ሰዓት ትሠራለች፣ አንድ ሰዓት ትወጣለች፣ ከዚያ ወደ ሌላ መኪና ተዛውራ ትገባለች። የሥራዋ ድምር ዐሥር ሰዓት ነው ይባላል፤ እርስዋ ግን ዐሥራ አምስቱን ሰዓት ከፋብሪካው ደጅ አትርቅም። ተቈጣጣሪው በገባ ጊዜ ያገኛት ልጅ አምስተኛ ሰዓቷ ይሁን ዐሥራ አንደኛዋ የሚያውቀው የባለቤቱ መዝገብ ብቻ ነው።

ሆርነር ይህ ሕግን ማፍረስ ነው ብሎ ከሰሰ። በስቶክፖርት የሆነው ለምሳሌ ይበቃል። አንድ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ይህን የተራ እቅድ ለተቈጣጣሪው አቅርቦ አይፈቀድም ተባለ። ጥቂት ወራት ቈይቶ ሌላ ባለ ፋብሪካ ያንኑ እቅድ በሥራ ላይ አውሎ ተከሰሰ። በችሎቱ ከተቀመጡት አራት ዳኞች ሦስቱ የጥጥ ፋብሪካ ሰዎች ሲሆኑ፣ ቀዳሚያቸው ያ እቅዱን መጀመሪያ ያቀረበው ሰው ነበር። ተከሳሹ በነጻ ተለቀቀ። የ1831ዱ ክልከላ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ አይከፋም። ሆርነር በሰባት የዳኝነት ወረዳዎች ዐሥር ክስ አቅርቦ ዳኞቹ የደገፉት በአንዱ ብቻ ስለ ነበረ ከዚህ በላይ መክሰስ ከንቱ ነው ብሎ አቆመ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሰር ጆርጅ ግሬይም ነሐሴ 5 ቀን 1848 ለተቈጣጣሪዎቹ በጻፉት ደብዳቤ፣ ወጣቶቹ ከተወሰነው ሰዓት በላይ ለመሥራታቸው ምክንያት ከሌለ በተራ አሠራር ብቻ እንዳይከሱ ነገሯቸው። በስኮትላንድ የነበረው ተቈጣጣሪ ጄምስ ስቱዋርት ደብዳቤውን በደስታ ሲቀበል፣ ሆርነርና ሁለቱ ባልደረቦቹ ግን የሕጉን ትርጕም የሚወስነው ሚኒስትር አይደለም በማለት በአቋማቸው ጸኑ። አንድ ሕግ፣ አንድ መንግሥት፣ በወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሆነ።

በየካቲት 1850 ጉዳዩ ራይደርና ሚልስ በተባለው ክስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛው ባሮን ፓርክ የሕግ አውጪው አሳብ ሥራው ሳይቋረጥ እንዲሆን እንደ ነበረ ባይጠራጠሩም፣ የቅጣት ሕግ ከቃሉ አልፎ አይተረጐምም በማለት ለባለ ፋብሪካዎች ፈረዱ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ቀዳዳውን ደፈነ፤ የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት፣ ወይም ከአንድ እስከ አንድ፣ ቅዳሜ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ብቻ ሆነ። ዋጋው በሳምንት ሁለት ሰዓት መጨመር ነበር፤ 58 የነበረው 60 ሆነ። ሎርድ አሽሊ በዚህ በመስማማታቸው ከሠራተኞቹ ብዙዎች ከዳን አሏቸው። ሕፃናቱ ደግሞ በዚህ አንቀጽ ስለ ተረሱ፣ ሴቶቹና ወጣቶቹ ከወጡ በኋላ ጐልማሶቹን ማገልገል የእነርሱ ዕዳ ሆነ፤ እነርሱም የገቡት በ1853 ነው።

የኋላ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለዚህ ዘመን አይስማሙም። ማርክስ በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ የሆርነርን ሪፖርቶች እየጠቀሰ ዳኞቹን አጥብቆ ነቅፏል፤ ብዙዎችም እርሱን ተከትለዋል። ፒኮክ በ1984 የክሶቹን መዝገብ መርምሮ ከ1833 እስከ 1855 ከተከሰሱት አብዛኛዎቹ እንደ ተፈረደባቸው፣ ዳኞቹም እንደሚባለው ያህል አድሏዊ እንዳልነበሩ ተከራክሯል። ናርዲኔሊ ደግሞ በ1980 የሕፃናት ሥራ የቀነሰው ከሕጉ ይልቅ በመኪናው መሻሻልና በገቢ ማደግ ነው ብሏል። የፒኮክን ማስረጃ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ተቈጣጣሪዎቹ የሚከሱት እንደሚረቱ እርግጠኛ የሆኑበትን ጉዳይ ነበርና የተፈረደው ብዛት ያልተከሰሰውን አይነግረንም፤ የሚጣለውም መቀጮ ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛው ልክ እምብዛም የማያልፍ ነበር። በአንድ ሳምንት ትርፍ ሥራ ከሚገኘው ገንዘብ መቀጮው ካነሰ፣ ባለቤቱ ቢረታም አልተረታም። የናርዲኔሊን አሳብ በሚመለከት፣ መኪናው ለምን በዚያ አቅጣጫ ተሻሻለ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ ሕጉን ከሒሳብ ማውጣት የሚቻል አይመስለንም።

ቍጥጥር በአካባቢው ሰው እጅ ይሁን የሚለው አሳብ ከዚህ ሁሉ በኋላም አልሞተም። በ1867 በትንንሽ የሥራ ቤቶች ላይ የወጣው ሕግ አፈጻጸሙ ለየከተማው ባለሥልጣኖች ተሰጠ፤ ከእነርሱም አብዛኛዎቹ ሕጉን አላንቀሳቀሱትም። በ1871 ሥራው ከእጃቸው ተወስዶ ለፋብሪካ ተቈጣጣሪዎች ተላለፈ። በፈትል ፋብሪካዎች ውስጥ ከሚሠሩት አብዛኛዎቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች ተቈጣጣሪዎች የተሾሙት በ1893 ነው።